ቃለ ጉባኤው እንደሚለው

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች አብረን ስንጨቃጨቅ የከረምን ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ፊልም፣ ያውም ስለ ድሮ የጃፓን ፊልም ልጽፍ መነሣቴን ስታዩ «ይኼን ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ። ከነገራችን ብዙም አልራቅሁም።

ማሳኪ ኮባያሺ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራውን «ሐራኪሪ» የተሰኘ ፊልም ሰሞኑን ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከአንድ ወዳጄ በተዋስሁት የተጫጫረ ዲቪዲ ነበር። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ከተናጋሪው አፍ እየቀደመ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እየጠፋ፣ ግማሹን በግምት ነው የተከተልሁት። ሲያልቅ ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ በጨለማው ውስጥ ብዙ ተቀመጥሁ። ያስቀመጠኝ የሰይፍ ፍልሚያው ወይም የፈሰሰው ደም አልነበረም፤ ደም በሌላውም ፊልም ሞልቷል። ያስቀመጠኝ መጨረሻ ላይ የምንሰማው ድምፅ ነው፤ የዕለቱን ሁኔታ በመዝገብ የሚያሰፍር፣ ጸጥ ያለ፣ ሥርዓት ያለው የጽሕፈት ቤት ድምፅ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ለሦስት ዓመት ያህል የእኔ ድምፅ ነበር።

ፊልሙን ላላያችሁት ታሪኩን ላጫውታችሁ። ፍጻሜውንም ስለምናገር፣ ልታዩት ያሰባችሁ አይታችሁት ተመለሱ፤ ኋላ እንዳትረግሙኝ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1630 ነው። ጃፓን ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ወጥታ በቶኩጋዋ ቤት አገዛዝ ሥር ሰላም አግኝታለች። ሰላሙ ግን ለሁሉም አልሆነም። አዲሱ አገዛዝ ያላመናቸውን መሳፍንት ቤት እየዘጋ ርስታቸውን ሲነቅል፣ በእነዚያ መሳፍንት ሥር ያደሩት ሳሙራዮች ጌታ አልባ ሆነው በየከተማው ተበተኑ። ከጦር ሌላ ሙያ አያውቁም፤ ጦርነት ደግሞ የለም። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ አንድ ዘዴ አገኙ። ወደ ትልልቅ መሳፍንት ደጅ እየሄዱ «በችጋር ከምዋረድ በክብር ልሙት፤ በግቢያችሁ ሆዴን ቀድጄ እንድሞት ፍቀዱልኝ» ይላሉ። የቤቱ ሹማምንትም ጣጣውን ስለማይፈልጉ ጥቂት ገንዘብ አስጨብጠው ይሸኟቸዋል።

ሞቶሜ የተባለ ወጣት በዚህ መልክ ወደ ኢዪ መስፍን ቤት ሲመጣ ግን ገንዘብ አላገኘም። የቤቱ ዋና አማካሪ ሳይቶና ሹማምንቱ ለሌሎች መቀጣጫ ይሁን ብለው «እንዳልኸው ሙት» አሉት። ወጣቱ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ፋታ ለመነ፤ ከለከሉት። ሰይፎቹ ከአፎታቸው ሲወጡ ቀርከሃ ሆነው ተገኙ። እውነተኞቹን ለታመሙት ሚስቱና ልጁ ሲል ሸጧቸው ኖሯል። በዚያው በቀርከሃው እንዲሞት አስገደዱት። ይህን ትዕይንት ደግሜ ለማየት እስካሁን አልደፈርሁም፤ በአራተኛውም ዙር አሳልፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሃንሺሮ የተባለ ጎልማሳ ሳሙራይ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ሃንሺሮን የተጫወተው ታትሱያ ናካዳይ በወቅቱ ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ግን የልጅ ልጁን የቀበረ ሰው ድካም ከየት አምጥቶ በድምፁ ውስጥ እንዳስገባው አላውቅም። ለሞቱ በተዘጋጀለት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ታሪኩን ይተርካል። ሞቶሜ የልጁ ባል ነበር። ሃንሺሮ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ልጅ አንድ ቀን ስጡኝ ብሎ ሲለምን፣ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ አልነበረምን? ራሱንም አይምርም። አማቹ ለቤተሰቡ ሲል ሰይፎቹን መሸጡን ሲረዳ፣ የራሱን ሰይፍ መሸጥ ግን አንድም ቀን በሐሳቡ ሳይመጣ መኖሩን አስቦ፣ እንደ ነፍሱ ይዞት የኖረውን ብረት ወርውሮ ያለቅሳል። ቀጥሎ ከብብቱ ሦስት የተቆረጡ ቁንጮዎች አውጥቶ በፊታቸው ይጥላል። ሞቶሜን በማሰቃየት ግንባር ቀደም የነበሩት የሦስቱ ሳሙራዮች ቁንጮ ነው። ቁንጮውን የተቆረጠ ሳሙራይ በሕጋቸው ከመኖር ሞት ይሻለዋል፤ እነዚያ ግን «ታመናል» ብለው ፀጉራቸው እስኪያድግ በየቤታቸው ተደብቀዋል።

በመጨረሻው ፍልሚያ ሃንሺሮ አራት ሰው ይገድላል፣ ስምንት ያቆስላል፣ የቤቱን የአባቶች ጥሩር ከክብር ቦታው አንሥቶ ይከሰክሰዋል። ባዶ ጥሩር ነው፤ ውስጡ ሰው የለም። የሚመቱትም በጠመንጃ ነው፤ ስለ ሰይፍ ክብር ሲሰብኩ የዋሉት ሰዎች። ከዚያም ሳይቶ ጥቂት አስቦ ያዝዛል። የሞቱት ሰዎች በሕመም ሞቱ ይባል። ቁንጮአቸውን ከተቆረጡት አንዱ ቀድሞ ራሱን ገድሏል፤ የቀሩት ሁለቱ ይገደዱ፣ እነሱም በሕመም ሞቱ ይባል። ሃንሺሮ በጥያቄው መሠረት በፈቃዱ ሞተ ይባል። ደሙ ይታጠባል፣ ጥሩሩ ተጠግኖ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ግቢውን ከሚያጸዱት አንዱ የተቆረጠ ቁንጮ ከመሬት ያነሣል። መዝገቡም የዕለቱን ሁኔታ በጨዋ ቋንቋ ዘግቦ ይዘጋል፤ የቤቱም ስም ከፍ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የማኔጅመንት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገኝ። ሥራው ቀላል ነበር። ሰዎች ሲናገሩ በእርሳስ መያዝ፣ ኋላ በንጹሕ መገልበጥ፣ ማስፈረም። ሰብሳቢው አንዳንዴ «ይህ አይያዝ» ይላሉ፤ እኔም አልይዝም። አንድ ቀን በግምጃ ቤት የተከማቹ ዕቃዎች «አገልግሎት የማይሰጡ» ተብለው በጨረታ እንዲወገዱ የሚል አጀንዳ ቀረበ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሆኑ አንድ አዛውንት ተነሡ። ዕቃዎቹ ደህና መሆናቸውን፣ አንዳንዶቹ ከነማሸጊያቸው እንዳሉ፣ ቁልፉን ይዘው የሚገቡት እሳቸው ስለሆኑ እንደሚያውቁ ተናገሩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆመው ነው የተናገሩት። ሲቀመጡ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «ይህ አይያዝ» አሉ። በእርሳስ የያዝሁትን በላጲስ አጠፋሁ። በንጹሑ ላይ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ የውሳኔ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም ፈረሙ። አዛውንቱም ፈረሙ። ለምን ፈረሙ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ልጆች ነበሯቸው።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ኦዲት መጣ። ደህና ዕቃ እንዴት ተሸጠ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ቃለ ጉባኤውም ከመዝገብ ቤት ወጣ። በቦታው ነበሩ፣ ባለሙያም ነበሩ፣ ተስማምተው ፈርመዋል። ከሁሉም ሰው መካከል ከሥራቸው የተሰናበቱት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ በዚያ ምሽት በጨለማ ያስቀመጠኝ ይህ ነው። በኋላ ስለ ፊልሙ ማንበብ ስጀምር ድርሰቱን የጻፈው ሺኖቡ ሃሺሞቶ (1918–2018) የሚባል ሰው መሆኑን አወቅሁ። ሃሺሞቶ በወጣትነቱ ለውትድርና ተጠርቶ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ወደ ወታደሮች ማገገሚያ ተላከ፤ እዚያ ሳለ አንድ በሽተኛ በሰጠው መጽሔት ላይ የፊልም ድርሰት አንብቦ «ይህንስ እኔም እጽፋለሁ» ብሎ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ማንሳኩ ኢታሚ በደብዳቤ መምህሩ ሆነ። ከዚያም በአንድ ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ቀን መዝገብ እያገላበጠ በትርፍ ጊዜው ይጽፍ ነበር። መዝገብ ያዥ ነበር ማለት ነው! ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን እንጃ።

የሃሺሞቶ የመጀመሪያ ድርሰት በአኪራ ኩሮሳዋ እጅ ገብቶ በ1950 «ራሾሞን» ሆነ፤ በ1951 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ወስዶ የምዕራቡን ዓለም ዓይን ወደ ጃፓን ፊልም የመለሰው እሱ ነው። በእኛ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ይህ ፊልም ሲጠቀስ አልፎ አልፎ እሰማለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «እንግዲህ ሁሉም የራሱ እውነት አለው» ብሎ ነገሩን ለመዝጋት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በጫካው ውስጥ አንድ ሰው ሞቷል። ሽፍታው፣ የሟች ሚስት፣ በጠንቋይ አፍ የተናገረው ሟቹ ራሱ፣ እንጨት ቆራጩም እያንዳንዳቸው በተለያየ መንገድ ይተርኩታል። ግን የሚዋሹት እውነት ስለሌለ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚሸፍነው ነገር ስላለው ነው። ሽፍታው ጀግና መባል ይፈልጋል። እንጨት ቆራጩ ደግሞ፣ ያ ደግ የሚመስለው ድሃ፣ ውድ ጩቤ ሰርቋል። የመሰከሩበትን ዳኛ አናየውም፣ ድምፁንም አንሰማም። ምስክሮቹ የሚናገሩት በቀጥታ ወደ እኛ እያዩ ነው። ዳኛው እኛ ነን፤ ኩሮሳዋ ደግሞ ፍርዱን አልጻፈልንም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኩሮሳዋ፣ ሃሺሞቶና ሂዴዎ ኦጉኒ አብረው «ኢኪሩ»ን ጻፉ፤ «መኖር» ማለት ነው። ቢሮ ሠርታችሁ የምታውቁ ሁሉ ይህን ፊልም ሳታዩ አትሙቱ። ዋታናቤ የሚባል፣ ለ30 ዓመት ገደማ ከሥራ ያልቀረ የማዘጋጃ ቤት ክፍል ኃላፊ በጨጓራ ካንሰር ሊሞት መሆኑን ይረዳል። መጀመሪያ ላይ ከመሳቢያው አንድ የቆየ ሰነድ ያወጣል፤ በወጣትነቱ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ለማሻሻል የጻፈው ሐሳብ ነው። ከእሱ አንድ ገጽ ቀድዶ ማኅተሙን ይጠርግበታል። ስለ ቢሮክራሲ ከተጻፉ መጻሕፍት መካከል ያቺን ሰከንድ የሚያህል አላነበብሁም። የሰፈር እናቶች በቤታቸው አጠገብ ያለው የቆሻሻ ውኃ ልጆቻቸውን እያሳመመ መሆኑን ሊያመለክቱ ይመጣሉ፤ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ተመርተው ዞረው ዞረው ወደ ጀመሩበት ይመለሳሉ። «ነገ ይምጡ» የሚለው ቃል የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሊሞት የቀረበው ዋታናቤ ያን ረግረግ አስደርቆ ለልጆች መጫወቻ ቦታ ለማሠራት ይነሣል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ትግሉን ደረጃ በደረጃ አሳይቶን ያስለቅሰን ነበር። እዚህ ግን ሰውየው ቆርጦ እንደተነሣ ፊልሙ በድንገት ወደ ለቅሶ ቤት ይዘላል፤ ዋታናቤ ሞቷል። ምክትል ከንቲባው በሬሳው ሥዕል ፊት ተቀምጦ፣ የመጫወቻው ቦታ የማዘጋጃ ቤቱና የሹማምንቱ ሥራ መሆኑን ያስረዳል። የክፍል ኃላፊዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቶቹ ይገባሉ፤ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ዕጣን አጢሰው አልቅሰው ይወጣሉ። ምክትል ከንቲባው መቀመጥ ያቅተዋል። እሱ ከሄደ በኋላ ሠራተኞቹ መጠጥ እየቀመሱ ቀስ በቀስ እውነቱን ያወጡታል፤ አንዱ ያየውን፣ ሌላው የሰማውን። እያለቀሱም «ከእንግዲህ እንደሱ እንሠራለን» ብለው ይማማላሉ። በማግስቱ ቢሮ ገብተው ሌላ አቤቱታ ሲመጣ ወደ ሌላ ክፍል ይመሩታል። አንድ ወጣት ሠራተኛ በቁጣ ከወንበሩ ይነሣል፤ ሁሉም ያዩታል፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይቀመጥና ከወረቀት ክምር ጀርባ ይሰወራል።

ያን ወጣት ስንት ጊዜ እንዳየሁት!

የጃፓን ፊልም ሠሪዎች ስለ መዝገብ ይህን ያህል ማወቃቸው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ኩሮሳዋ በግለ ታሪኩ የሚተርከው አንድ ነገር አለ። በ1945 በጦርነቱ ማብቂያ «የነብሩን ጅራት የረገጡ ሰዎች» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ። ታሪኩ ስለ አንድ ሽሽት ነው፤ መነኮሳት መስለው የሚሸሹ መኮንኖች በኬላ ሲያዙ «ለቤተ መቅደስ ገንዘብ የምንለምን ነን» ይላሉ፣ «እንግዲያው የመዋጮ መዝገባችሁን አንብቡ» ይባላሉ፣ መሪያቸውም ምንም ያልተጻፈበትን ጥቅልል ዘርግቶ እንደ ተጻፈ አድርጎ ያነብባል። የጃፓን ሳንሱር ሹማምንት በፊልሙ ተናድደው ከኩሮሳዋ ጋር ተጣሉ። ቀጥሎ የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ሲይዝ እነዚሁ ሹማምንት በመሠራት ላይ ያሉትን ፊልሞች ዝርዝር ሲያስረክቡ የእሱን አላስገቡም። በዝርዝሩ ስለሌለ ሕገ ወጥ ሆነ፤ እስከ 1952 ድረስ ለሕዝብ አልታየም። ስለ ባዶ መዝገብ የተሠራ ፊልም ከመዝገብ በመጉደሉ ታገደ። ይህን ልብ ወለድ አድርጎ ቢያመጣልኝ ማን ያምነዋል?

በዚያው ነሐሴ፣ ጃፓን እጅ መስጠቷ ሲታወጅ፣ የወረራው ጦር እስኪገባ በነበሩት ቀናት የመንግሥትና የጦር ሠራዊቱ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን በትእዛዝ አቃጥለዋል። የ«ሐራኪሪ»ው ኮባያሺ የዚህ ትውልድ ሰው ነው። ማንቹሪያ ዘምቶ፣ የማዕረግ ዕድገት ሲሰጠው አልቀበልም ብሎ በተራ ወታደርነት ቆየ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም በኦኪናዋ ተማረከ። በ1953 በጦር ወንጀል ስለታሰሩ ተራ ወታደሮች «ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል» የተባለውን ፊልም ሠርቶ ኩባንያው እስከ 1956 መደርደሪያ ላይ አስቀመጠበት። በ1983 ደግሞ የቶኪዮን የጦር ወንጀል ችሎት የሚያሳይ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም፣ አሜሪካኖች በቀረጹት ምስል አቀናብሮ አወጣ። አገሩ ስላቃጠለችው መዝገብ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት ኖረ ብል አልተሳሳትሁም።

የእኛ ሊቃውንት ጃፓንን የሚያውቋት በሌላ መልኳ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጎብኝተዋት ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉላት፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም የተቀረጸው የእሷን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው። እስከ ዛሬም «ጃፓን ባህሏን ሳትለቅ ሠለጠነች» እንላለን። በኅሩይ አልፈርድም፤ በጊዜያቸው የታያቸው ብርሃኑ ነበር፣ ብርሃንም ነበረ። ነገር ግን የዚያች አገር ታላላቅ የፊልም ሰዎች እኛ የቀናንበትን ባህል፣ ያን በክብር ቦታ የተቀመጠ ጥሩር፣ ከፍተው ውስጡን ካሳዩን ከ60 ዓመት በላይ ሆነ። አርአያ ስንፈልግ ከጥሩሩ ይልቅ የከፈተውን እጅ ብናይ ይሻለን ነበር ብዬ አስባለሁ።

(ስለ ኦዙና ስለ ሚዞጉቺ ለምን አላነሣህም የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። «የቶኪዮ ታሪክ»ን እወደዋለሁ፤ ግን ኦዙ የሚያስታውሰኝ እናቴን ነው፣ ዛሬ የማወራው ደግሞ ስለ ሥራ ነው። ሌላ ቀን።)

አዛውንቱን ከብዙ ዓመት በኋላ አራት ኪሎ፣ አንድ መጽሐፍ አዟሪ አጠገብ አገኘኋቸው። ከዘራ ይዘዋል። አወቁኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያይቀን ልንለያይ ስንል ክንዴን ይዘው «አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ያን ቀን ተናግሬያለሁ ወይስ ልናገር አስቤ ቀርቻለሁ? ወረቀቱን ደጋግመው ሲያሳዩኝ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርሁ።»

«ተናግረዋል ጋሼ» አልኋቸው። «ያልጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «ምን ነበር ያልሁት?» አሉኝ።

ዕቃዎቹ ደህና ናቸው ማለታቸውን፣ ስለ ማሸጊያው፣ ስለ ቁልፉ የተናገሩትን ነገርኋቸው። ከዚያ በላይ አልመጣልኝም። አምስት ደቂቃ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ እርሳሱም በእጄ ነበር። እሳቸውም የቀረውን እንዳመጣላቸው ጥቂት ጠበቁኝ። «ይሁን» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ቃለ ጉባኤው ካልተቃጠለ በዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይኖራል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልጸደቀም። አንድ ሰው ተቃውመዋል።